በቶኪኤ ደጃፍ የሚያድሩ ስጦታዎች

የአንድ ሰው ሕይወት ጠቅላላ ድምሩ ምንድን ነው? ዕድሜውን ማለቴ አይደለም፤ ያንንማ የመቃብር ድንጋዩ ይናገራል። የምጠይቀው፣ ሰውየው የበላው፣ የለፋውና የወደደው ሁሉ ተጣርቶ ተጣርቶ ሲያልቅ ከማሰሮው ሥር የሚቀረውን ነው። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ሳጠና ይህን እንመልሳለን የሚሉ ወፋፍራም መጻሕፍት አገላብጫለሁ። ሥራው ነው የሚሉ ነበሩ፤ ፍቅሩ ነው የሚሉም ነበሩ፤ ምንም አይቀርም ብለው የተገላገሉም ነበሩ። ቂሙ ነው ያለ ግን አላጋጠመኝም። ኩራሃሺ ቶኪኤን ካወቅኋት ወዲህ፣ ቂም ለአንዳንድ ሰው የቤቱ ምሰሶ እንደሆነ፣ ምሰሶውን የነቀለ ሰው ለበጎ ብሎ ቢነቅለውም ጣራው መውረዱ እንደማይቀር አምኛለሁ።

ቶኪኤ ተወልዳ ያደገችውም ያገባችውም በካሚኖሴ ነው፤ ሁሉ ሰው የሁሉን ሰው ሳል ለይቶ በሚያውቅባት የጃፓን መንደር። እኔ ከሌላ አውራጃ የመጣሁ ነኝ። ከተማው ውስጥ ባለ ኮሌጅ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ ከድልድዩ ማዶ ያለ ባዶ ቤት ተከራየሁ። ለካሚኖሴ ሰዎች ከድልድዩ ማዶ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢኖርም እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ከማን ጋር ሻይ እንደሚጠጣ የሚቆጣጠረው የለም። እኔና ቶኪኤ ለመነጋገር የበቃነው በዚህ ምክንያት ነው። ከመንደሩ ሰው ጋርማ አትነጋገርም ነበር። በትክክል ለመናገር፣ አያነጋግሯትም ነበር።

የእሷና የባሏ የሳኩጂ ወንጀል አለመሸጥ ነበር። ጎልፍ የሚባለው አባዜ አገሩን ሁሉ በያዘበት ዘመን አንድ ኩባንያ ከመንደሩ በላይ ያለውን ተራራ በሙሉ ሊገዛ መጣ። ወይ ሁሉም ይሸጣል፣ ወይ ማንም አይሸጥም ተባለ። ሁሉም እሺ ሲል ሳኩጂ እንቢ አለ። አባቱ የተከሉት የጥድ ደን ነበረው፤ ጥድን ደግሞ የተከለው ሰው አይቆርጠውም፣ የልጅ ልጁ ነው የሚቆርጠው።

«ልጅ እንኳ የለህ፣ ለማን ነው የምታቆየው?» አለው የመንደሩ አለቃ ናጋታኒ ጌንዞ።

«ለጥዱ» አለ ሳኩጂ።

ኩባንያው ካርታውን ጠቅልሎ ወደ ጎረቤት ሸለቆ ተሻገረ። የዚያ ሸለቆ ሰዎች አዳዲስ ቤት ሠሩ፤ የካሚኖሴ ሰዎች የድሮ ጣራቸው ሥር ቁጭ ብለው የጎረቤትን አዲስ ጣራ ሲያዩ ከረሙ።

ስብሰባ አልተጠራም። አንድም ክፉ ቃል አልተሰማም። ብቻ አንድ ቀን፣ ከቤት ቤት እየዞረ የሚነበበው የመንደሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ የቶኪኤን ደጅ አልፎ ሄደ። ሰሌዳውን ይዛ ያለፈችው ኪዮኖ ነበረች፤ ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ነው፤ ከቶኪኤ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተማረች፣ ፀጉሯን እየጎነጎነችላት ያደገች። ቀጥሎ የቶኪኤን ቆሻሻ የሚያነሳ ጠፋ። በበዓል ቀን በወጣቶች ትከሻ የሚዞረው የመንደሩ አምላክ ማደሪያ እንኳ ከእነሱ አጥር ሲደርስ ዞሮ ይመለስ ጀመር።

ይህ የቆየ ደንባችን ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ከሚያደርገው ነገር ሁሉ ይቆረጥና ሁለት ብቻ ይቀራል፦ እሳትና ቀብር። ቤትህ ቢቃጠል ይመጣሉ፤ ብትሞት ይመጣሉ። ይህን ሲሰሙ «አሁንም ርኅራኄ አላቸው» የሚሉ የዋሆች አሉ። ርኅራኄ አይደለም። ነበልባል አጥር አያከብርም፣ ሬሳም ይሸታል። ለራሳቸው ነው።

ሳኩጂ የሞተው በበረዶው ወራት ነው። የጣራውን በረዶ ሊጠርግ ወጥቶ ወደቀ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በረዶው አቁሞ አየሩ ጸጥ ብሏል። ከላይ የተናደው በረዶ እስከ ደረቱ ቀበረው። ቶኪኤ ለአምቡላንስ ደወለች፤ መንገዱ ተዘግቶ ዘገየ። ልትጎትተው ሞከረች፣ አቃታት። መንገድ ላይ ወጥታ ጮኸች። ኪዮኖን ጠራች፣ ጌንዞን ጠራች፣ ሁሉንም በየስማቸው ጠራች። በኪዮኖ ቤት የወረቀት መስኮት ላይ አንድ ጥላ መጥቶ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ሄደ። እሳት አልነበረማ። ቀብርም ገና አልሆነም።

ሐኪሙ መጥቶ መሞቱን ሲናገር ግን ቀብር ሆነ። የፈላ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆዩም፤ መንደሩ በሙሉ ነጭ ሽርጡን ታጥቆ ከተፍ አለ። ሴቶቹ ምግብ ሠሩ፣ ወንዶቹ ሳጥኑን ተሸከሙ፣ ጌንዞ ወጉን አንድ ሳያጎድል አስፈጸመ። ግንባራቸው ሰሌኑን እስኪነካ ሰገዱላት። ሲጨርሱ ዕቃውን አጥበው፣ ሽርጣቸውን አጥፈው ሄዱ። በማግሥቱ ሰሌዳው እንደ ልማዱ ደጇን አልፎ ሄደ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ድምጿን ሳታነሳ፣ ፍጅል እየከተፈች ነው።

«ምን እንዲሆኑ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«እንዲሞቱ አልፈልግም፤ ቢሞቱ ደንብ ነውና ለቀብራቸው ወጥ ልሠራ ነው። እንዲያለቅሱም አልፈልግም። የምፈልገው ጮክ ተብሎ እንዲነገር ነው። ሰው ፊት። ስማቸው እየተጠራ።» ቢላዋውን አንስታ በአውራ ጣቷ ስለቱን ዳሰሰችው። «ይህን ሳልሰማ አልሞትም።»

ከተማው በየዓመቱ በመኸር ወራት የውጭ ተማሪዎች የንግግር ቀን ያዘጋጃል። ርዕሱ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ስለ ጃፓን ባህል የተሰማኝ። ተማሪ የተቀመጠባቸው መንደሮች ሰዎች ከፊት ይደረደራሉ፣ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ ከንቲባው እየሰገደ ያጨበጭባል። ማዘጋጃ ቤቱ ለተማሪዎች ማረፊያ ሲፈልግ ቶኪኤ ቀድማ ተመዘገበች።

«ብቸኝነቱ ነው?» ስል ጠየቅኋት።

«አፍ እፈልጋለሁ፣ መምህር። የእኔን አፍ የሚሰማ የለም። የባዕድ አፍ ሲሆን ግን ከንቲባውም ቁጭ ብሎ ይሰማል።»

የመጣችላት አፍ ኔሊዳ ትባላለች። ከቦሊቪያ ነው የመጣችው፤ አጭር፣ ጉንጫም፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ልጅ። ቋንቋችንን አገሯ ጀምራዋለች፤ ባህላችንን ግን የምታውቀው ከሥዕልና ከፊልም ነበር። በደረሰች በማግሥቱ ቶኪኤ አዲስ ገቢ እንደሚያደርገው ለየጎረቤቱ የተጠቀለለ ፎጣ አስይዛ ላከቻት። ሁሉም በሁለት እጁ ተቀበለ። ሁሉም ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። በነጋታው ጠዋት ኔሊዳ በሩን ስትከፍት ደጃፉ ላይ በሚያምር ወረቀት የተጠቀለሉ ስጦታዎች ተደርድረው አገኘች።

«እማማ! ይምጡ፣ ይዩ! ጎረቤቶች ስጦታ አመጡልን!»

«አየሁ» አለች ቶኪኤ፤ ሰብስባ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው።

«አንከፍተውም?»

«እኛ አገር በሰጪው ፊት አይከፈትም።»

«ሰጪዎቹ እኮ የሉም!»

«የሉም» አለች ቶኪኤ። «ሩዙን አውጪው፣ ይበርዳል።»

ከዚያ በኋላም ጠዋት ጠዋት ከደጃፉ አንድ ነገር አይጠፋም፤ አንዴ በጨው የተቀመጠ ፍጅል፣ አንዴ የሩዝ ኬክ፣ አንዴ ሚሶ የሚባለው የአኩሪ አተር ድልህ በገንቦ። ኔሊዳ እኔ ዘንድ እየሮጠች ትመጣና፣ «መምህር፣ እንደናንተ ያለ ደግ ሕዝብ አላየሁም! ሰጥተው እንኳ ላለመታየት ይደበቃሉ! እኛ ጋ አንድ ቲማቲም የሰጠ ሰው ዓመት ሙሉ ያወራዋል» ትለኛለች። ለእናቷም በስልክ እንዲሁ እንደምትላት አውቃለሁ፤ መንደሩ ሁሉ የሚሰማው ጩኸት ነበር።

አንድ ቀን ቶኪኤን፣ «ለምን እውነቱን አትነግሪያትም?» አልኳት።

«ይተዉአት። መጀመሪያ ትውደዳቸው። ሳይወድ የጠላ ሰው ጥላቻው ውኃ ውኃ ይላል።»

ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር። ብዙ ክፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ እንደ ቶኪኤ ክፋቷን በትዕግሥት የምታበስል ግን አላየሁም። ደግሞ ክፉ አልነበረችም። ለልጅቷ የበጋ ኪሞኖ በእጇ ሰፍታላታለች፤ ዝናብ ሲጥል አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ጃንጥላ ይዛ ትጠብቃታለች። ሁለቱ ነገሮች እንዴት በአንድ ልብ ውስጥ ሳይጣሉ እንደሚያድሩ በፍልስፍና አልተማርኩም።

በበጋው መካከል ኔሊዳ የአገሯን ምግብ ሠራች፤ ሥጋና ድንች የተሞላ፣ ሲነከስ ጭማቂው ክርን ድረስ የሚወርድ ትንንሽ ዳቦ። ቶኪኤ ቤት መጋገሪያ ስለሌለ እኔ ዘንድ መጥታ በዳቦ መጥበሻዬ ቀስ በቀስ ስትጋግር ዋለች፤ ኩሽናዬ በቅመም ታጠነ። ትኩሱን ይዛ ኪዮኖ ዘንድ ሄደች።

«ውይ ውይ! ምን በወጣሽ!» አለች ኪዮኖ በሁለት እጇ ተቀብላ። «ደክመሽ፣ ለፍተሽ! ኧረ ያሳፍራል! ሽታው ብቻ ያጠግባል!»

በማግሥቱ ደጃፉ ላይ አንድ ጥቅል ነበር። ወረቀቱ አበባ ያለበት፣ ሪባኑ በጥንቃቄ የታሰረ። ኔሊዳ ይህን ጊዜ አላስቻላትም፤ ከፈተችው። የራሷ ምግብ ነበር። ቀዝቅዞ፣ ደርቆ፣ አንዱም ሳይነካ።

«እማማ… ይኼ የእኔ ነው።»

«አዎ፣ የአንቺ ነው።»

«ፎጣዎቹስ?»

ቶኪኤ ተነሥታ ቁም ሣጥኑን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ፎጣዎቹ አሉ። ከሥራቸው ኔሊዳ ሳትመጣ የነበሩት የበጋ አጋማሽ ስጦታዎች፣ የዓመት መጨረሻ ስጦታዎች፣ ሳሙናው፣ ሻይ ቅጠሉ፣ ዘይቱ፣ ሁሉም ቶኪኤ ልካው የተመለሰ፣ እስከ ጣራው ድረስ ተከምሯል። ያን ጊዜ ነው ስለ ሳኩጂ የነገረቻት። ሁሉንም፤ ጥላውን ጭምር።

ኔሊዳ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «ታዲያ ካልተቀበሉ ለምን ይልኩላቸዋል?» አለች።

«እንዲቀበሉኝ መሰለሽ? እንዲመልሱ ነው!» የቶኪኤ ዓይን በራ። «ማቆየት አይችሉም፣ መጣልም ነውር ነው። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ በአዲስ ወረቀት ጠቅልለው፣ ሰው እንዳያያቸው እየተሸማቀቁ ደጄ ድረስ ይመጣሉ። በመጋረጃው ቀዳዳ አያቸዋለሁ። ባዶ ደጅ ላይ ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ነው የሚሄዱት! ናጋታኒ ወገቡን ያመዋል። ለእሱ ምንጊዜም የምልከው ሚሶ በገንቦ ነው። ትልቁን ገንቦ።»

ኔሊዳ ሳቋ አመለጣት። ቶኪኤም ሳቀች። ሁለቱ ሴቶች እየተንከተከቱ ቀዝቃዛውን ምግብ በሉት። ይህን ሲነግሩኝ አብሬ ሳቅሁ፤ በቀል ሲስቅ ደስ ይላል፣ ቆይቶ ነው የሚመርረው።

በማግሥቱ ኔሊዳ ኪዮኖን መንገድ ላይ አስቆመቻት፤ በአክብሮት መጠሪያችን «ሳን» ብላ ነው የጠራቻት።

«ኪዮኖ ሳን፣ ለምን መለሱት?»

«ምኑን፣ የእኔ ልጅ?»

«ያመጣሁልዎትን።»

«እሱንማ! እንዴት ደስ እንዳለኝ!»

«አልበሉትም እኮ!»

«ዛሬ እንዴት ይሞቃል፣ አይደል? አገርሽም እንዲህ ይሞቃል?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ኔሊዳ ፈገግታ ባየች ቁጥር ግድግዳ ያየች ይመስላት ጀመር። ሱቅ ውስጥ ሻጩ ሲሰግድላት ፊቷን ታዞራለች። «ውሸታሞች!» ትለኛለች እኔ ዘንድ ተቀምጣ። «ሁላችሁም! ጫማችሁን በሥርዓት ደርድራችሁ ሰው ትገድላላችሁ!» አልተከራከርኳትም። በመጀመሪያ ያየችን ደጎች ብቻ አድርጋ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጨካኞች ብቻ። ወጣት አገርን የሚያውቀው እንደዚህ ነው፣ አንዱን ግማሽ ጥሎ ሌላውን እያነሳ።

ቶኪኤ የምትፈልገውም ይኸው ነበር። በየቀኑ ከእራት በፊት ከሟቹ ሳኩጂ ፎቶግራፍ ፊት ቁጭ ታደርጋትና ንግግሩን ታስጠናታለች። እኔ ባለሁበት ያጠኑት ቀን ትዝ ይለኛል።

«‹…በዚያን ቀን ጩኸቱን የሰሙት ናጋታኒ ጌንዞ…›»

«ቆይ። ናጋታኒ ካልሽ በኋላ ትንፋሽ ውሰጂ። ስሙ አዳራሹ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ጌንዞ።»

«‹ናጋታኒ። … ጌንዞ።›»

«አሁን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀጥዪ፣ ኪዮኖ።»

«እማማ፣ ኪዮኖን ሲጠሩ ድምፅዎ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«የምትጠሪው አንቺ ነሽ፤ የእኔን ድምፅ ተዪው።»

የንግግሩ ቀን ሲቃረብ ኔሊዳ ብቻዋን ወደ እኔ መጣች። ሳቋ አብሯት አልነበረም።

«መምህር፣ እማማ ይወዱኛል? ወይስ ለእሳቸው ቢላዋ ነኝ?»

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አልኳት።

«እኛ ጋ የተጣላ ሰው ይጮኻል፣ ሳህን ይሰብራል፣ ሰክሮ ያለቅሳል» አለች። «እናንተ ቂማችሁን በወረቀት ጠቅልላችሁ ሪባን ታስሩለታላችሁ። መጀመሪያ ዘገነነኝ። አሁን ግን… አሁን እኔም መጠቅለል የተማርኩ ይመስለኛል።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት ረድፍ ካሚኖሴ በሙሉ በክት ልብሱ ተደርድሯል፤ ጌንዞ በመካከል፣ ኪዮኖ ከጎኑ። ቶኪኤ ብቻዋን ዳር ላይ ተቀምጣለች። የለበሰችው ጥቁር የሐዘን ኪሞኖ ነበር፤ ሳኩጂን የቀበረችበት። ያዩት ሁሉ አወቁት። እጆቿ ጭኗ ላይ ተጣምረው እንደ ሙሽራ ትጠብቅ ነበር።

ኔሊዳ ቶኪኤ የሰፋችላትን ኪሞኖ ለብሳ ወጣች። ያጠናችውን አልጀመረችም።

«እኔ ስለ ጃፓን የማውቀው በአንድ ደጃፍ በኩል ነው» አለች። «እናቴ ቶኪኤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ግን በደጃፋቸው ስጦታ ያላደረበት ጠዋት የለም። ሰጪዎቹ ትሑታን ስለሆኑ ጎሕ ሳይቀድ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ዛሬ ግን ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። ናጋታኒ።» ትንፋሽ ወሰደች፤ ስሙ አዳራሹ ውስጥ ቀዘቀዘ። «ጌንዞ ሳን። ወገባቸውን እያመማቸው ትልቅ የሚሶ ገንቦ ተሸክመው ይመጣሉ!»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ከንቲባው ዞሮ ለጌንዞ ሰገደ። ጌንዞ ከመነሣትና ከመስገድ ሌላ ምን ማድረግ ይችላል? ተነሥቶ ሰገደ፤ ጆሮው እንደ ተቀቀለ ኦክቶፐስ ቀላ። ኔሊዳ ቀጠለች። «ኪዮኖ ሳን፤ ሪባን አስተሳሰራቸው እንዴት ያምራል!» ኪዮኖ ተነሣች። አንድ በአንድ፣ በስማቸው ጠራቻቸው፤ አንድ በአንድ እየተነሡ ላልሰጡት ስጦታ ምስጋና ተቀበሉ። የጋዜጣው ካሜራ ብልጭ ብልጭ አለ። ከንቲባው እዚያው ካሚኖሴን «የደግ ጎረቤቶች መንደር» ብሎ ሰየማት።

እውነቱን ልናገር፣ በዕድሜዬ ያየሁት እጅግ የረቀቀ በቀል መሰለኝ። እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። ከዚያ ዓይኔ ቶኪኤ ላይ አረፈ። ፊቷ አመድ ለብሷል።

ውጭ ኔሊዳ እየዘለለች መጣች። «እማማ! ጆሮውን አዩት? አዩልኝ?»

«አየሁ።»

«ሁሉም ገብቷቸዋል! የት እንደነካኋቸው አውቀዋል!»

«መግባቱማ ድሮም ገብቷቸዋል» አለች ቶኪኤ። «ስለ ሳኩጂ አልተናገርሽም።»

«ግን እኮ…»

«እኔ መውጫ አሳጥቻቸው ነበር። አንቺ በር ከፈትሽላቸው። በአበባ አስጊጠሽ።» ከዚያ የልጅቷን ፊት አይታ መቀነቷን አስተካከለችላት። «ላልቶብሻል፤ ትወድቂያለሽ» አለች።

በሳምንቱ ጠዋት በጠራራ ፀሐይ የቶኪኤ በር ተንኳኳ። ኪዮኖ ነበረች፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ይዛ።

«ቶኪኤ፣ ሰሌዳው ይኸውልሽ።»

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ተራሽ ነዋ።»

«ትናንትስ? ከትናንት በስቲያስ?»

«ትናንት ደግሞ ምን ነበር?» አለች ኪዮኖ እውነት የገረማት መስላ። «ገጽ ሁለት ላይ የበዓሉ ነገር አለ፣ እንዳታልፊው።»

ጋዜጣው «የደግ ጎረቤቶች መንደር» ብሎ ካወጣት በኋላ መንደሯ ሌላ መሆን አትችልም ነበር። ጌንዞ በቀን ብርሃን ኬክ ይዞ መጣ። ቆሻሻዋ ተነሣላት። የአምላኩ ማደሪያ ከአጥሯ ፊት ቆሞ ጨፈረላት። የላከችው ስጦታ አልተመለሰም፤ እንዲያውም በሥርዓቱ አጸፋ መጣለት። በረዶ ሲጥል የመንደሩ ወጣቶች ሳትጠራቸው ጣራዋን ጠረጉ። ከዚህ ሁሉ መካከል «ያን ጊዜ» ያለ ሰው አልነበረም። ተሰብስቦ ያልተወሰነ ነገር ተሰብስቦ አይሻርም። እንዳልነበረ ሆነ።

ኔሊዳ በጸደይ ወደ አገሯ ስትመለስ መንደሩ በሙሉ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ እጁን አውለበለበላት። ከመሳፈሯ በፊት እኔን ወደ ጎን ጠርታ፣ «ቂማቸውን ሰረቅኋቸው፣ መምህር» አለችኝ። «በምትኩም ምንም አልሰጠኋቸው። መጀመሪያ ደግነታችሁ እውነት መሰለኝ፣ ከዚያ ጭካኔያችሁ። አሁን ሁለቱም እውነት እንደሆኑ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ በር የሚባል ነገር አለማለፋችሁ ነው።» ከዚያ በፊት ኪዮኖ አቅፋት አልቅሳ ነበር፤ ልቅሶዋም የምር ነበር።

ቶኪኤ ልትዋጋ ሞከረች። ሰሌዳውን ሆን ብላ ዝናብ ላይ አውጥታ ተወችው፤ ኪዮኖ አድርቃ ወሰደችው። የጌንዞን ኬክ ደጁ ላይ መልሳ አስቀመጠች፤ «እርጅና ነው፣ ይምታታባታል» ብለው በሌላ ኬክ ተኩት። በሰደበቻቸው ጊዜ ጤናዋን ጠየቋት። የምትመታው ሁሉ እንደ ጥጥ እየገባላት እጇ ዛለ። እነዚያ ሲገፏት ቀጥ ብላ የቆመች ሴት፣ ሲያቅፏት በአንድ ዓመት ጎበጠች።

በአዲሱ ዓመት የመንደሩ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ፣ እግሯ ስለደከመ እኔ ደግፌ አደረስኳትና እንደ እንግዳነቴ ከጎኗ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ስለ ወንዙ ግድብ ተወራ፣ ስለ መንገዱ መብራት ተወራ። በመጨረሻ ጌንዞ፣ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲል ቶኪኤ ዱላዋን ተደግፋ ቆመች።

«እኔ አለኝ» አለች። «ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታችሁን ይዤ ምን አደርገዋለሁ? ያን ቀን ጠራኋችሁ። በረዶው አቁሞ ነበር፤ ጸጥ ያለ ቀን ነበር። ሁላችሁንም በየስማችሁ ጠራኋችሁ። ‹ሰምተን ነበር› በሉኝ። ሌላ ምንም አታድርጉልኝ። አንድ ሰው ይበቃኛል። ኪዮኖ፣ አንቺ በዪኝ።»

ኪዮኖ ስኒዋ ውስጥ ተመለከተች። አንዱ ለጎረቤቱ ሻይ ቀዳ። ማሞቂያው ላይ ያለው ማንቆርቆሪያ ሲንተከተክ ይሰማ ነበር።

«ቶኪኤ ሳን» አለ ጌንዞ በለሰለሰ ድምፅ፣ «በሩ ጋ ብርድ ነው፤ ወደ ማሞቂያው ጠጋ ይበሉ።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀላት። አንዷ መቀመጫ አነጠፈች፣ ሌላዋ ብርድ ልብስ ይዛ ተነሣች። ቶኪኤ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ሰምተን ነበር በሉኝ» አለች ደግማ።